ቅቤ የሚቀባው በር

አገሩ የት ነው እያላችሁ አታድክሙኝ። ስም አለው፤ ግን ስሙን ብጠራ ሹሞቹ ይሰማሉ፣ ከሰሙ ደግሞ ያስተባብላሉ፣ እኔ ማስተባበያ መስማት ሰልችቶኛል። ጥጥ የለበሰ ሁሉ የዚያን አገር ክር ለብሷል፤ ይኸው ይብቃችሁ።

በዚያ አገር ክር የሚፈተለው በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ወንዱ በደጋን ጥጥ ይነድፋል፣ ሴቷ በእንዝርት ትፈትላለች። እጓሮዋ ቁጭ ብላ እንዝርት ስታሾር የተገኘች ሴት ወዮላት! ንጉሡ ከትልቁ ቤት ውጭ የተፈተለ ክር ገላዬን ያሳክከኛል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁን ያነበበው ሰው ራሱ እያከከ ነበር ያነበበው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዷ ፈታይ የሳምንቱን የክር ልቃቂቷንና እንዝርቷን ይዛ ወደ ሚዛን ቤት ትገባለች። ብቻዋን ነው የምትገባው። ሚዛን ዓይነ አፋር ነው ይባላል፤ ከባለልቃቂቷና ከሹሙ ሌላ ዓይን ካየው ይዋሻል። ልቃቂቷ ከደንቡ ካነሰ “ጎደለ” ይባልባታል። ሦስት ጊዜ የጎደለባት ሴት እንዝርቷ በደጃፉ ላይ ይሰበራል። እንዝርቷ የተሰበረባት ሴት በዚያ አገር ጥጥ የሚሰጣት የለም፣ ሥራ የሚሰጣት የለም፣ “እንዴት አደርሽ” የሚላትም ዙሪያውን አይቶ ነው።

የሚዛኑ ሹም ሊቀ ሚዛን አንዳርጌ ይባላል። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምንለው፤ አሁን አርጅቻለሁ፣ ምን እንዳያመጣ! አንተ እለዋለሁ። በዚያ አገር ሊቀ ሚዛን ሲሾም እጁን በንጉሡ ፊት ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ እጁ የሱ አይደለም፣ የንጉሡ ነው። አፉ የሱ ነው። ሆዱ የሱ ነው፤ ሆዱማ ከሩቅ ይታያል። እጁ ግን የንጉሥ ነው። እጁ የሚያደርገውን ሁሉ ንጉሡ ናቸው ያደረጉት፣ ንጉሥ ደግሞ ክፉ አያደርጉም። ሕጉ ይኸው ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

የሚዛን ቤቱ በር ግን የኛ ነው። የነገሩ ሁሉ ጉድ እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ያን በር የሰቀለው ሹም አይደለም፣ ማኅበራችን ነው።

ድሮ ሚዛኑ አደባባይ ላይ ነበር። የጎደለባትን ሴት ለፋፊው ስሟን እየጠራ፣ እንዝርቷን ጸጉሯ ላይ ሰክተው ገበያውን ያዞሯት ነበር። ሕዝቡ ሁሉ “ሰነፍ! ሰነፍ!” እያለ ይከተላታል። የማኅበራችን ሰብሳቢ የአባ ይርዳው እናት እንዲያ ዞረው ቤታቸው ገቡ፣ ከገቡበት ሳይወጡ ሞቱ። አባ ይርዳው ያን ጊዜ ጎረምሳ ጥጥ ነዳፊ ነበሩ። ነዳፊውንና ፈታዩን ሰብስበው ማኅበሩን ያቆሙት በዚያ ሐዘን ነው። ተገረፉ። ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሮ ተጣሞ ገጠመ። በመጨረሻ ንጉሡ ታከታቸውና “ከፈለጋችሁ ሚዛኑን ቤት አስገቡትና በር ዝጉበት!” አሉ። አባ ይርዳው መዝጊያውን ራሳቸው ጠርበው፣ ማጠፊያውን በግራ እጃቸው መትተው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ፈታይ ቢጎድልባት ከሷና ከሹሙ በቀር የሚያይ ጠፋ።

ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የበር በዓል እናከብራለን። ማኅበሩ ሙክት ያርዳል፣ አባ ይርዳው በሩን ከውጭ በኩል ቅቤ ይቀቡታል፣ እኛ እልል እንላለን። በሩ ከቅቤው ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ይሸታልም፤ ግን በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ደብሪቱ ከኔ ጎን ነበር የምትፈትለው። የሞተች እናቷን እንዝርት ይዛ የመጣች፣ እጇ የማይደክም፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ስታወራ ውላ ስታወራ ታመሻለች፤ “ኧረ ጆሮዬን አሳርፊው” እላት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሚዛን ቤት “ጎደለ” ተብሎባት ወጣችና ዝም አለች። ልቃቂቷን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ከኔ ይበልጥ ነበር። በሳምንቱም ደገመባት።

“ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ?” አልኳት።

“እጁን ይሰዳል፣ እትዬ ትርንጎ” አለችኝ፣ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ። “መጀመሪያ ሚዛኑን ሊያስተካክል መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ ዞሮ ደረቴን ያዘኝ። ገፈተርኩት። ‘እንግዲያው ጎደለ’ አለኝ። በሳምንቱ ስገባ ደግሞ ‘ዛሬም እንዲጎድል ትፈልጊያለሽ?’ ብሎ ጠየቀኝ።”

“ምን አልሽው?”

“ምን እለዋለሁ። ጎደለ።”

እኔስ? እኔን አትጠይቁኝ። የማወራው ስለ ደብሪቱ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበር የቀራት። በሚመጣው ቅዳሜ ወይ ለዚያ እጅ ዝም ትላለች፣ ወይ የናቷ እንዝርት በደጃፉ ላይ ይሰበራል።

እጇን ይዤ ወደ ማኅበሩ ወሰድኳት። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ሁሉም ነዳፊዎች ናቸው። ነዳፊ ጥጡን በጆንያ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ባለው ትልቅ ሚዛን ነው የሚያስመዝነው፤ ጆንያ በዚያ በር አይገባም። ደብሪቱ ነገሯን ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ ጣራ ጣራውን አዩ። ምክትል ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

“ማኅበራችን የጥጥ ማኅበር ነው። ጥጥ ቢረጥብ፣ ደጋን ቢበጠስ፣ ሰው ቢሞት አለንልሽ። ይኼ ግን የወንድና የሴት ጉዳይ ነው” አለ።

“ሥራ ላይ እኮ ነው የነካኝ” አለች ደብሪቱ።

“ሊቀ ሚዛን ተጫዋች ሰው ነው። ደግሞስ ነጠላሽን ጠበቅ አድርገሽ ብትገቢ ምን አለበት?”

አባ ይርዳው ግን እንዲያ አላሉም። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ልጅቱን አምነዋታል። “ልጄ፣ ምን እናድርግልሽ ነው የምትይው?” ብለው ጠየቋት።

“ሁለት ሁለት ሆነን እንግባ።”

“ሚዛኑ ዓይነ አፋር ነው።”

“ማነው ያለው?”

“እኛ ነን ያልነው” አሉ አባ ይርዳው፣ አንገታቸውን ደፍተው። “ለፋፊው ተከትሎ እንዳይገባ ያን ጊዜ እኛ ያወጣነው ነገር ነው። ይኸው ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ። በሩ አንዴ ከተከፈተ ለፋፊው ይመለሳል፣ ልጄ። እናቴ ገበያውን ስትዞር እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።” ከዚያ ምክትሉ ጉዳዩ ለጆሮ ሹም እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረበ፣ ሁሉም ተገላገልን ብለው እጃቸውን አወጡ።

ጆሮ ሹም ማለት የአገሩን አቤቱታ የሚሰማ ሹም ነው። አቤቱታ ልቡን እንዳይጎዳው ሁለት ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነው የሚሰማው። ከሳሽ ደግሞ ፈገግ ብላ እንድትናገር ደንብ አለ፣ ተከሳሹ እንዳይከፋው። ደብሪቱ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ባላየሁት! ሊቀ ሚዛን አንዳርጌ ከሹሙ ጎን ተቀምጦ እሱም ፈገግ ብሎላታል።

“ማን አየ?” አለ ጆሮ ሹሙ።

“በሩ ዝግ ነበር፣ ጌታዬ።”

“ምን?”

“ዝግ ነበር!”

“እሺ፣ ለምን አልጮህሽም?”

“ብጮህስ ማን ይሰማኛል? በሩ ወፍራም ነው፣ ቅቤም ጠጥቷል።”

“በሩን ማን ሰቀለው?”

“ማኅበራችን።”

“እንግዲያው ማኅበርሽን ክሰሺ” አለ ጆሮ ሹሙ። “እጁን ከሆነ የምትከሺው፣ እጁ የንጉሡ ነው። ንጉሡን ልትከሺ ነው የመጣሽው?”

“ኧረ አይደለም፣ ጌታዬ።”

“ጎሽ።” አንዱን ጥጥ ከጆሮው አወጣና አገላብጦ አየው። “ግሩም ንድፍ ነው፤ የማን እጅ ነው?” አለን። ወጣን።

ከዚያ ቀን ወዲያ ደብሪቱ መፍተል አቃታት። ባዘቶውን ታነሣለች፣ ታስቀምጠዋለች። ክሩ ቀጠን ሲል ይበጠስባታል። ሐሙስ ዕለት እንዝርቷን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ “እትዬ፣ በነሱ እጅ ከሚሰበር ራሴ ሰብሬው ልሂድ” አለችኝ።

እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በርበሬ ይለኝ ነበር። ግን ያን ዕለት አልተቆጣሁም። ደከመኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ ደከመኝ። ስንቷን ልጅ ከጎኔ ተቀምጣ ዝም ስትል አይቻለሁ፣ ስንቷንስ “ይለፍሽ፣ ቻይው” ብዬአለሁ! መቻል ራሱ ሰለቸኝ።

አርብ የበር በዓል ነበር። ሙክቱ ታርዶ ወጡ እየተንተከተከ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ፣ አባ ይርዳው ቅቤውን በቀንድ ይዘው ወደ በሩ ቀረቡ። ፊታቸው ቆምኩ።

“አባ ይርዳው፣ ዘንድሮ ከውስጥ ይቅቡት” አልኳቸው።

“ትርንጎ፣ በዓሉን አትረብሽ። ከውስጥ ተቀብቶ አያውቅም።”

“ለዚህ ነዋ የምልዎት። ገብተው ያውቃሉ?”

“ነዳፊ አይደለሁ? ምን ላደርግ እገባለሁ?”

“በሩን በእጅዎ ጠርበው ሰቅለውታል። ከሰቀሉት ወዲህ አንድ ቀን ከውስጥ ሆነው ዘግተውት ያውቃሉ?”

ምክትሉ “ይቺን ሴት ገለል አድርጓት” እያለ ሲጮህ አባ ይርዳው ቀንዱን እንደያዙ ገቡ። ተከትዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። የውጭው ጫጫታ ጭጭ አለ። ከላይ ካለች ትንሽ መስኮት በቀር ብርሃን የለም። ሚዛኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ አንድ ሰው የምታህል የመቆሚያ ቦታ አለች።

አባ ይርዳው በመዳፋቸው የበሩን ጠርዝ ዳበሱ። “መቀርቀሪያው የታለ? ፈታይዋ በፈለገችበት ጊዜ ከፍታ እንድትወጣ እዚህ ነበር የመታሁት።”

“ሹሙ ወደ ወንበሩ አጠገብ አዛወረው። እሱ ካልከፈተ አይከፈትም።”

“ማን ፈቀደለት?”

“ማን ያየዋል፣ አባ ይርዳው? ከውስጥ እኮ ነው።”

ቅቤውን በጣታቸው ጨልፈው በሩን ከውስጥ ሊቀቡ ጀመሩ። እጃቸው ቆመ። እንጨቱን ደጋግመው ዳበሱት። ከወገብ በታች ያለው መዝጊያ ሁሉ ተጫጭሯል፤ ላይ በላይ የተጫረ፣ አንዳንዱ ጠልቆ የገባ፣ አንዳንዱ ለመታየት የሚያስቸግር።

“አይጥ ነው?” አሉ።

“አይጥ እንዝርት አትይዝም” አልኳቸው። “ከኋላ ዞሮ ሲይዝሽ ፊትሽ ወደ በሩ ነው። እንዝርቱ እጅሽ ላይ ነው። መጮህ አትችዪም። እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ?”

አባ ይርዳው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። እኔን አትጠይቁኝ ብዬአችሁ ነበር። ከታች በስተግራ ያለው፣ ያ ረጅሙ፣ የኔ ነው። ይኸው ተናገርኩ።

“እናቴን ሲያዞሯት አገር አይቷል” አሉ በመጨረሻ። “እናንተን ግን የኔ በር ሸፈናችሁ።”

ላጽናናቸው አልፈለግሁም፣ አላጽናናኋቸውምም። ደግፌ አስነሣኋቸውና ወጣን። ሕዝቡ እልል ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። አባ ይርዳው የተረፈውን ቅቤ መሬት ላይ ደፉና፣ “ወጡ ይውረድ፤ ዛሬ በዓል የለም። ከነገ ጀምሮ፣ ይህ በር እስኪወርድ፣ ማንም ሚዛን ላይ ምንም እንዳያስቀምጥ፣ ፈታይም ነዳፊም” አሉ።

ያኔ የተነሣውን ጩኸት ብትሰሙ! ለደብሪቱ ያልጮኸ ሁሉ ለሙክቱ ጮኸ። ምክትሉ “በሩ ከወረደ ማኅበሩ ምን ቀረው? ስንት ዓመት የኮራንበት ነው!” አለ። አባ ይርዳው ምክትሉንና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እያስገቡ በሩን ዘጉባቸው። ማንም ብዙ አልቆየም። ሲወጡ ስለ ሙክቱ ያነሣ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ ባዶውን ተንጠለጠለ። ደጋኑ አይጮህ፣ እንዝርቱ አይሾር። እኛ ልቃቂታችንን ታቅፈን፣ ወንዶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው፣ ግቢውን ሞላነው። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጆሮ ሹሙ ደንግጦ እየሮጠ መጣ፤ ሁለቱንም ጥጥ አውጥቶ ነበር።

“ምንድነው የማልሰማው?” አለ።

አባ ይርዳው የተጣመመ ክንዳቸውን ደግፈው ተነሡ። በሩ እንዲወርድ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ፈታዮቹ የመረጧት አንዲት ፈታይ ዘወትር እንድትቆም፣ አንዳርጌም ወደዚያ ሚዛን እንዳይመለስ ማኅበሩ መወሰኑን ነገሩት።

“እጁ የንጉሡ ነው!”

“እንግዲያው ንጉሡ እጃቸውን ይሰብስቡ። እኛ ባለቤት ከሌለው እጅ ጋር አንሠራም።”

ሹም ሲሄድ ሹም ሲመጣ ዋለ። አንዱ ለመነን፣ አንዱ ዛተብን፣ አንዱ ደብሪቱን ብቻዋን ጠርቶ ሊመክራት ፈለገ፤ ፈታዮቹ ሁሉ አብረናት ተነሣን። ወደ ማታ የቤተ መንግሥቱ ሸማኔዎች ክር አለቀብን አሉ፤ ማግስቱ ንጉሡ አዲስ ኩታ የሚለብሱበት ቀን ነበር። መልእክት መጣ። በሩ ይውረድ፣ ፈታይዋም ትቁም። ስለ እጁ ይታሰብበታል። ሊቀ ሚዛን አንዳርጌ “ላበረከተው አገልግሎት” ካባ ተሸልሞ ወደ ጨው ቤት ሚዛን ተዛውሯል። የደብሪቱ ሁለት ጉድለት ግን አይሰረዝም፤ ሚዛን ያለው አይታጠፍም።

ካባ! እናንተዬ፣ ካባ!

ቢሆንም አባ ይርዳው ማጠፊያውን ነቀሉ፣ እኛ ሴቶቹ በሩን ተሸክመን አጥር ሥር አስተኛነው። የአንዳርጌ ምክትል የነበረው ሚዛነኛ ሚዛኑን አወጣ፣ ፈታዮቹም ከጎኑ እንድቆም እኔን መረጡ። ሕዝቡ በሙሉ ዙሪያውን ቆሞ ሲያይ የመጀመሪያዋ ተጠራች። ደብሪቱ ናት።

ልቃቂቷን አስቀመጠች። ሎሚ ታህላለች። ሳምንቱን ሙሉ መቼ ፈትላ! ሚዛኑ አልዋሸም፤ አገር እያየ ብድግ አለባት። ያ የድሮው ለፋፊ አርጅቶ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ነበር፣ በልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ይርዳውን አየኋቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል፣ እናታቸውን እያዩ ነው። ደብሪቱ እንዝርቷን ለሚሰብረው ሹም ልትሰጥ እጇን ዘረጋች።

ልቃቂቴን ከሷ ልቃቂት ላይ ጣልኩት።

“አሁን መዝን” አልኩት ሚዛነኛውን።

“የማን ብዬ ልመዝነው?”

“የኛ።”

ከኋላዬ ያለችው የሷን ጣለች። ሌላዋም ጣለች። ማንም አላዘዛቸውም። ልቃቂት በልቃቂት ላይ ተከምሮ የማን የማን እንደሆነ ጠፋ፣ ከሚዛኑ ተርፎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሚዛነኛው “ይኼ ሕግ ውስጥ የለም” ሲል አባ ይርዳው “እንግዲያው አልተከለከለማ” አሉት። እየከፈለ መዘነው፣ ደመረው፣ ለእያንዳንዳችን አካፈለው። ደንቡ ሞላ። ለፋፊው የሚጠራው ስም አጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ደብሪቱ እንዝርቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ እዚያው ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ ከዚያ ማውራት ጀመረች፣ እስከ እኩለ ሌሊት አላቆመችም። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት የሚመዘነው በአንድነት ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር።

ሰነበትንና በሩ ከአጥሩ ሥር እንደሌለ አየን። ሰው ለማገዶ ወሰደው ብለን ነበር። ኋላ ነው የሰማነው፤ የጨው ቤት ማኅበር ሰዎች መጥተው፣ ሚዛናችን አደባባይ ላይ ነው፣ ሴቶቻችን ይዋረዳሉ፣ ያን ስመ ጥሩ በር ስጡን ብለው ለምነዋል። ምክትላችን ደስ ብሎት ሰጥቷቸዋል። ከውስጥ በኩል ምን እንደተጫረበት፣ ከወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥባቸው አልነገራቸውም። እነሱም አልጠየቁም። ቅቤ መቀባት ጀምረዋል አሉ።

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ እንዝርቷን ጸጉሯ ላይ ሰካች፣ እንደ ድሮዎቹ፣ በገዛ እጇ። ተነሣች።

“ወዴት ነው?” አልኳት።

“በሩ ወደሄደበት።”

“ተዪ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። እዚያ የሚያውቅሽ የለም።”

“እሱ ያውቀኛል” አለች።

አባ ይርዳው መዶሻቸውን ከግድግዳው ላይ አወረዱ። “ቆይኝ፤ ማጠፊያውን የማውቀው እኔ ነኝ” አሏት።

እኔ ደክሞኛል። ጉልበቴን ያመኛል፣ የጨው አገር ሙቀት አይስማማኝም፣ ይህን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ለማያውቁኝ ሰዎች ማስረዳት በሐሳቡ ብቻ ያንገፈግፈኛል። ግን በዚያ በር ላይ፣ ከታች በስተግራ፣ የኔ ጭረት አለ። ከሱ ቀጥላ ሌላ ሴት እንድትጭር አልፈልግም። ነጠላዬን አገለደምኩና፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ ተከተልኳቸው።